ሻለቃነት ለምርጫ ያበቃል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። በ16 ዓመቴ ከእናቴ ጋር ከአዲስ አበባ መጣሁ። የአሜሪካ ጦር ውስጥ 21 ዓመት አገልግዬ ባለፈው ዓመት በሻለቃ ማዕረግ ጡረታ ወጣሁ። ሥራዬ ስንቅና ትጥቅ ነበር። አሁን ጓደኞቼ ለካውንቲው ካውንስል ተወዳደሪ እያሉ ይጎተጉቱኛል። «ስንት ወታደር ያዘዝሽ ሴት ይሄ ምን ያቅትሻል?» ይላሉ። ባለቤቴ ግን «አንቺ የምታውቂው ትእዛዝ ነው፣ ፖለቲካ ደግሞ ልመና ነው» ይለኛል። እናቴማ የደርግን ዘመን ያየች ናት፤ ወታደርና ፖለቲካ አንድ ላይ ሲነሱ ፊቷ ይለዋወጣል። ለመሆኑ ውትድርና ለምርጫ ያዘጋጃል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኞችሽም ባለቤትሽም የሚያወሩት ስለ ትእዛዝ ነው። እኔ ግን ልጠይቅሽ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። በ21 ዓመት ውስጥ ትእዛዝሽ የማይሠራበት ቦታ ላይ ስንት ጊዜ ቆመሻል? የሌላ ክፍል መኮንን መኪና አልሰጥም ሲልሽ፣ ሲቪሉ ነጋዴ ዕቃውን ሲያዘገይብሽ፣ በጀትሽን የሚቆርጠው ሰው ከአንቺ በማዕረግ በላይ ሲሆን ምን አደረግሽ? በእኔ እምነት ለምርጫ የሚያዘጋጅሽ ያ ነው። ስንቅና ትጥቅ ላይ የሠራ ሰው ደግሞ ይህ ዓይነት ቀን ሞልቶታል።

ለምን እንዲህ እንደምል በአይዘንሃወር ላሳይሽ። በጄኔራልነት ስማቸው ገኖ፣ ከዚያ በፊት አንድም የሕዝብ ምርጫ ሳያሸንፉ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ዛካሪ ቴይለር፣ ዩሊሰስ ግራንትና ድዋይት አይዘንሃወር። አይዘንሃወር በ1952 ሲመረጥ ሥልጣኑን የሚያስረክበው ትሩማን አዝኖለት ነበር ይባላል። እዚህ ተቀምጦ ይህን አድርጉ ያን አድርጉ ይላል፣ ግን ምንም አይደረግም፣ ቤቱ እንደ ጦር ሠራዊት አይደለም ብሎ። የባለቤትሽ ሐሳብ ማለት ነው።

ትሩማን የረሳው ነገር ግን ነበር። አይዘንሃወር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተባባሪዎቹ ሀገሮች ጦር ዋና አዛዥ ሆኖ አውሮፓ ውስጥ የሠራው ሥራ አብዛኛው ማግባባት ነበር። ሥሩ ያሉት ጄኔራሎች የተለያየ ሀገር ሰዎች ናቸው። ሞንትጎመሪ እንግሊዛዊ ነው፣ የራሱን ዕቅድ እንጂ የሌላውን መስማት አይወድም። ደጎል ስለ ፈረንሳይ ክብር ሌት ተቀን ይሟገታል። ቸርችል ደግሞ የሌላ ሀገር ጠቅላይ ሚኒስትር ነው፣ ማን ያዘዋል? በኦገስት 1944 የደቡብ ፈረንሳይ ዘመቻ እንዲሰረዝ ቸርችል ለሰዓታት ሲወተውተው አይዘንሃወር ያደረገው ቁጭ ብሎ መስማትና በትሕትና «አይሆንም» ማለት ነበር። ደግሞ መስማት፣ ደግሞ «አይሆንም» ማለት። ዘመቻውም ተካሄደ፣ ቸርችልም ወዳጁ ሆኖ ቀረ። ይህን የቻለ ሰው ኮንግረስ አያስደነግጠውም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ እኔ ባነሳሁት ቁጥር ልቤን የሚነካኝ ነገር ነው። የተባባሪዎቹ ጦር ፈረንሳይ ጠረፍ ላይ የወረደበት የኖርማንዲ ወረራ ዋዜማ፣ ጁን 5 ቀን 1944፣ አይዘንሃወር በትንሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ አጭር መግለጫ ጻፈ። ወረራው ከከሸፈ የሚነበብ ነው። መጀመሪያ የጻፈው «ጦሩ ተመልሷል» የሚል ነበር። ሰረዘውና «ጦሩን መልሻለሁ» አለው። መጨረሻው ላይ ጥፋት ካለ የእኔ ብቻ ነው አለ። ሰውየው ከመጨናነቁ የተነሳ ቀኑን እንኳ ጁላይ 5 ብሎ ነው የጻፈው። ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ ከተተውና ወረራው ስለተሳካ ሳይነበብ ቀረ። እህቴ፣ «ተመልሷል»ን ሰርዞ «መልሻለሁ» ማለት የምርጫ ፖለቲካ ውስጥ በጣም የሚቸግር ነገር ነው። ካውንስል ስትገቢ አንድ ትምህርት ቤት ጣሪያው ቢያፈስ «ዘግይቷል» ማለት ይቀናሻል። «አዘግይቻለሁ» ማለትን ከጦር ሠራዊት ይዘሽ ከመጣሽ ትልቅ ነገር ይዘሽ መጥተሻል።

አይዘንሃወር ከስምንቱ የሥልጣን ዓመታት ስድስቱን ያሳለፈው በተቃዋሚው ፓርቲ እጅ ካለ ኮንግረስ ጋር ነው። ቢሆንም በ1956 የዚያን 41,000 ማይል አውራ ጎዳና ሕግ አስወጣ፤ አንቺ በየቀኑ የምትነጂበት 95 እና 270 የዚያ መረብ አካል ናቸው። የመንገዱ ሐሳብም ከውትድርና የመጣ ነው። በ1919 ከዋሽንግተን እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ከሄደ የጦር መኪናዎች ጉዞ ጋር ነበረ፤ 62 ቀን ፈጅቶባቸዋል። ጭቃውንም የተሰበረውንም ድልድይ በዓይኑ አይቷል።

ግራንት ላይ ስትመጪ ነገሩ ይለወጣል። ጦር ሜዳ ላይ ያዳነው ጠባይ፣ ሰውን ማመንና ጓድን አለመክዳት፣ ቤተ መንግሥት ሲገባ ጎዳው። በ1875 የዊስኪ ቀረጥ የሚሰርቅ ትልቅ መረብ ሲጋለጥ የራሱ ጸሐፊ፣ የጦርነት ጊዜ ጓዱ ባብኮክ ተከሰሰ። ግራንት ፕሬዚዳንት ሆኖ ሳለ ለእሱ የምስክርነት ቃል ሰጠ፣ ሰውየውም ነፃ ተባለ። ግራንትን ግን በዚህ ብቻ መፍረድ አልወድም። የፍትሕ ሚኒስቴር የተቋቋመው፣ ጥቁሮችን የሚያሸብረው ኩ ክለክስ ክላን የተባለ ቡድንም በሕግ የተመታው በእሱ ዘመን ነው። አንቺ ልትወስጂው የሚገባው ይህንን ነው፦ የካምፔይን ሰዎችሽን ስትመርጪ «አብረን አፍጋኒስታን ነበርን» የሚለው ብቻውን አይበቃም።

ማዕረግሽ ድምፅ ያመጣል ብለሽም አትጠብቂ። በ1852 ጄኔራል ዊንፊልድ ስኮት ተወዳደረ፤ ሜክሲኮን ያሸነፈ ትልቅ አዛዥ ነው። ተፎካካሪው ፍራንክሊን ፒርስ በዚያው ጦርነት ሥሩ ያገለገለ መኮንን ነበር። ፒርስ 254 የኤሌክቶራል ድምፅ አገኘ፣ አዛዡ 42። እስራኤል ያሉ አንባቢዎቻችንም ይህን አይተውታል። በ2019 ሰማያዊና ነጭ የተባለው ስብስብ ሦስት የቀድሞ ኤታማዦር ሹሞችን ይዞ ቀረበ፣ በኤፕሪሉ ምርጫም 35 መቀመጫ አገኘ። መንግሥት ለመመሥረት ግን 61 ያስፈልጋል፤ እሱን ማሰባሰብ አልቻሉም። ሌላ የቀድሞ ኤታማዦር ሹም፣ ኤሁድ ባራክ፣ በ1999 በሰፊ ልዩነት አሸንፎ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወንበሩን አጣ።

አሁን በቅርብ ያየሁትን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት አንድ ጡረታ የወጣ መኮንን ሲወዳደር በፈቃደኝነት አብሬው በር አንኳኩቻለሁ። ጨዋ ሰው ነው፣ ጫማው ሁሌ ያበራል፣ ሰዓት አያዛንፍም። ከተማውን የሚለውጥ ዕቅድ አለው፣ በሦስት ምዕራፍ የተከፈለ። አንዲት እናት በር ከፈቱ፤ እጃቸው ላይ ሊጥ አለ። እሱ ምዕራፍ አንድ ብሎ ጀመረ። እሳቸው በትከሻው ላይ አሻግረው የአውቶቡስ ማቆሚያውን ያያሉ። «መቀመጫውን ነቅለውት ሄዱ» አሉ። እሱ ምዕራፍ ሁለት ገባ። እሳቸው እንደገና «በዚህ ጉልበቴ ቆሜ ነው የምጠብቀው» አሉ። አልሰማቸውም። ክፋት የለበትም፣ ሪፖርት ማቅረብ እንጂ ሪፖርት መቀበል አልለመደም። በሩ ሲዘጋ ያ ድምፅ እንዳመለጠን ገባኝ። ምርጫውንም አላሸነፈም። ይህን የምነግርሽ አንቺም ልክ እንደሱ ትሆኛለሽ ብዬ አይደለም፤ ግን ከመመዝገብሽ በፊት ሁለት ቅዳሜ የሌላ ሰው ካምፔይን ይዘሽ በር አንኳኪ። ዝም ብለሽ ስሚ። ሰበካ ጉባኤ ወይም ዕድር ውስጥ ኮሚቴ ሆነሽ ካገለገልሽ ደግሞ ነገሩ ግማሹ ገብቶሻል ማለት ነው፤ እዚያ ማንም ማንንም አያዝም።

ስለ እናትሽ። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው፣ «አሜሪካ ሌላ ነው» ብለሽ አትለፊው። እሳቸው ያዩት መሣሪያውን እንደያዘ ወንበር ላይ የወጣ ወታደር ነው፤ ማንም አልመረጠውም፣ ማንም ሊያወርደውም አልቻለም። አንድ እሑድ አናፖሊስ ውሰጃቸው፣ ከእናንተ ካውንቲ በመኪና ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። የሜሪላንድ ስቴት ሀውስ ውስጥ የድሮው የሴኔት አዳራሽ አለ። ዲሴምበር 23 ቀን 1783 ጆርጅ ዋሽንግተን እዚያ ቆሞ የጦር አዛዥነቱን ለኮንግረሱ መለሰ። ሠራዊቱ የሚወደው ሰው ነበር፣ ቢፈልግ ማንም አያስቆመውም ነበር። ንግግሩን የጻፈበት ወረቀት እዚያው ለእይታ ተቀምጧል። ፕሬዚዳንት የሆነው ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሲቪል ሆኖ፣ ተመርጦ ነው። ከዚያም በፊት ቢሆን የቨርጂኒያ ምክር ቤት አባል ነበር፤ በ1755 ተወዳድሮ ተሸንፎ በ1758 ነው ያሸነፈው። ዋሽንግተን እንኳ መሸነፍን ቀምሶ ነው የጀመረው።

ለመወዳደር ከወሰንሽ አንድ ሁለት ነገር ልብ በይ። በዩኒፎርም የተነሳሽውን ፎቶ የፖስተርሽ ዋና ምስል ማድረግ አትችይም፣ ስትጠቀሚበትም የመከላከያ ሚኒስቴሩ ድጋፍ እንዳልሆነ በግልጽ መጻፍ አለበት። ማዕረግሽን ስትጠሪ «ጡረታ የወጣች» የሚለው አብሮ ይገባል። የሜሪላንድ ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲዎች ዕጩአቸውን የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ፣ ዝግ ነው፣ በፓርቲው ያልተመዘገበ ወዳጅሽ አይመርጥሽም፤ ስለዚህ የኛን ሰው ቀድመሽ አስመዝግቢ። ካውንቲሽ ትንንሽ መዋጮ ለሚሰበስብ ተወዳዳሪ ከሕዝብ ገንዘብ የሚጨምርበት ሥርዓትም አለው፣ ጠይቂ። ባለቤትሽን ደግሞ መጀመሪያ ይዘሽው በር አንኳኪ። ልመናውን ያስተምርሽ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ነኝ። ወንድሜ መከላከያ ውስጥ ነው፣ መኮንን ነው። ሀገራችን ላይ በምርጫ ሊወዳደር ይችላል ወይ?

መልስ፦ ሥራ ላይ ሆኖ የፓርቲ ፖለቲካ ውስጥ መግባት አይችልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊቱ ሥራውን ከፖለቲካ ወገናዊነት ነፃ ሆኖ እንዲያከናውን ያዛል። የመከላከያ ሚኒስትሩም ሲቪል እንዲሆን የሚለው እዚያው አንቀጽ ውስጥ ነው። ወንድምህ ሐሳቡ ካለው መጀመሪያ በሥርዓቱ ይሰናበት፣ ከዚያ እንደማንኛውም ዜጋ ይወዳደራል። ማዕረጉ ከስሙ ጋር ቢቀር ነውር የለውም። መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዩኒፎርሙን ካወለቁ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው በ1994 ዓ.ም. ርዕሰ ብሔር የሆኑት። በመካከሉ ተመርጠው ፓርላማ ገብተዋል፣ የሲቪል ሥራም ሠርተዋል። ወንድምህም በመካከሉ የሚሠራው ሥራ ምን እንደሆነ ከአሁኑ ያስብበት።