ነጩ ጨው ክሎራይድ አይመስለኝም፤ መጀመሪያ ውሃዎን ይፈትሹ

አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት ከዚሁ ከጅማ ጽፈውልኛል። የትምህርት ቤታቸው ላብራቶሪ መደርደሪያ ላይ ጽሑፉ የረገፈ ጠርሙስ አገኙ። ውስጡ ነጭ ጨው አለ። በነበልባል ሲያዩት ቢጫ ሆነ። ሲልቨር ናይትሬት ሲጨምሩበት ነጣ። «ሶዲየም ክሎራይድ ብዬ ልለጥፍበት ስል በባሪየም ክሎራይድም ነጭ ዝቃጭ ሰጠኝ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ሳደርግበት ነጭ ነገር ይወጣል፤ ስጨምርበት ይጠፋል። በአሞኒያም ይወጣል፤ ግን ምንም ብጨምር አይጠፋም። አንድ ባልደረባዬ ቀምሶት አፍ ያኮማትራል አለኝ። ግራ ገባኝ» ይላሉ።

እህቴ፣ ግምቴን በቀጥታ ልንገርዎት። አሉም ነው፤ አልሙኒየም ከሌላ ነገር ጋር ያለበት የሰልፌት ጨው፤ ያውም የፖታሲየም አሉም። ካልሆነም ተራው አልሙኒየም ሰልፌት ነው፤ የደፈረሰ ውሃ የሚጠራበት። በባሪየም ክሎራይድ የወጣው ዝቃጭ የሰልፌት ምልክት ነው። በሲልቨር ናይትሬት የታየዎት ክሎራይድም፣ በነበልባል የታየዎት ሶዲየምም ግን ከጨውዎ የመጡ አይመስለኝም። አንዱ ከውሃዎ፣ ሌላው ጨዉን ነበልባል ውስጥ ከያዙበት ሽቦ ነው።

ግን ከሁሉ በፊት፦ ያልታወቀ ጨው አይቀመስም። ባሪየም ክሎራይድም ነጭ ነው። ሊድ ናይትሬትም ነጭ ነው። ሜርኩሪ ክሎራይድም ነጭ ነው። ሦስቱም የሚገድሉ መርዞች ናቸው፤ ሦስቱም የትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። «ያኮማትራል» የሚለው ቃል ለግምቴ ረድቶኛል፤ አልክድም። ግን በዚህ መንገድ የመጣ ፍንጭ ባይመጣ ይሻለኝ ነበር። ለባልደረባዎ ዛሬውኑ ይንገሩልኝ።

ወደ ውሃው እንምጣ። የተጣራ ብለው የተጠቀሙት ከየት የመጣ ነው? ከመኪና ዕቃ መሸጫ የተገዛ የባትሪ ውሃ ከሆነ አይመኑት። እኔ አንድ ጊዜ ገዝቼ፣ ምንም ሳልጨምርበት ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ባደርግበት የእጣቢ ውሃ መሰለ። ከቧንቧ ተቀድቶ የታሸገ ነበር። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ክሎራይድ አያጣም። ስለዚህ ጨው የሌለበት ውሃ ብቻ በአንድ ቱቦ ያድርጉ። 3 ጠብታ ዳይሉት (በውሃ የቀጠነ) ናይትሪክ አሲድ፣ ከዚያ 2 ጠብታ ሲልቨር ናይትሬት። ከነጣ ጥፋተኛው ተገኘ። ካልነጣ ደግሞ የጨውዎን ሟሙት፣ ማለትም ጨው የሟሟበትን ውሃ፣ አቅጥነው ይድገሙት። የሰልፌት ሟሙት ሲወፍር በሲልቨር ናይትሬት ነጭ ነገር ሊያወጣ ይችላል፤ ሲልቨር ሰልፌት በደንብ አይሟሟምና።

አንድ ቀላል ነገር ደግሞ አለ። ሟሙቱ ላይ ሰማያዊ ሊትመስ፣ አሲድ ሲነካው የሚቀላውን ወረቀት፣ ይንከሩ። የገበታ ጨው ሊትመስ አይቀይርም። አሉም ግን ቀይ ያደርገዋል። ይሄ ብቻውን ሶዲየም ክሎራይድ የሚለውን ሐሳብ ሊያስጥልዎት ይችል ነበር።

አሁን ስለ ቢጫው ነበልባል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነውና። በ1860 እ.ኤ.አ. ቡንሰንና ኪርክሆፍ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ሃይደልበርግ ውስጥ አንድ ሙከራ አደረጉ። ክፍላቸው 60 ሜትር ኩብ ነበር። ከመሣሪያቸው በራቀው ጥግ 3 ሚሊግራም ሶዲየም ክሎሬት ከወተት ስኳር ጋር ደባልቀው አቃጠሉ። ከዚያ የመሣሪያቸውን ነበልባል በስፔክትሮስኮፕ፣ ብርሃንን በየቀለሙ በሚለይ መሣሪያ፣ ይመለከቱ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ነበልባሉ ቢጫ ሆነ፣ የሶዲየም መስመርም ደምቆ ወጣ። እስኪጠፋ 10 ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሂሳቡን ሲሠሩት፣ አንድ ሚሊግራም ለ3 ሚሊዮን ተካፍሎ ከሚደርሰው ያነሰ ሶዲየም እንኳ በዓይን እንደሚለይ ገባቸው። አስቡት፤ ከክፍሉ ማዶ የተነሳ ጭስ ነው። እርስዎ ደግሞ ሽቦውን በላብ ባለው ጣትዎ ይዘዋል። ጣትዎ ላይ ያለው ጨው ከዚያ ስንት እጥፍ ነው። የሶዲየም ቢጫ ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 589 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ዓይናችን በደንብ የሚያየው ቦታ። የፖታሲየም ቀይ ግን 766 ላይ፣ ዓይናችን ሊያየው በሚያቅተው ጠርዝ ነው። ሐምራዊዋም 404 ላይ፣ በሌላው ጠርዝ። ስለዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ፖታሲየም ይዋጣል። በቢጫ ነበልባል «ሶዲየም አለ» ማለት ይቻላል፤ «ጨው የሶዲየም ነው» ማለት ግን አይቻልም።

ሽቦውን በጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነክረው ያግሉት። ነበልባሉን ቀለም መስጠት እስኪያቆም ይደጋግሙ። ከምጣድ ጥገና የተገኘ ርካሽ ሽቦ ከሆነ ይጣሉት፤ ይላላጣል፣ ቅርፊቱ ሥር ጨው ይደበቃል። ከዚያ ጨዉን በዚያው አሲድ አርሰው ነበልባል ውስጥ ያስገቡትና በኮባልት ብርጭቆ፣ ኮባልት ባለበት ሰማያዊ መስታወት፣ ይመልከቱ። ቢጫው ይዋጣል፤ ቀላ ያለ ሐምራዊ ከታየዎት ፖታሲየም ነው። ሰማያዊ ብርጭቆ ሁሉ ግን ኮባልት አይደለም። በገበታ ጨው ነበልባል ይሞክሩት፤ ቢጫው ካለፈ ብርጭቆው አይረባም።

ሰልፌቱን በዳይሉት ሃይድሮክሎሪክ አሲድና በባሪየም ክሎራይድ፣ በሌላ ቱቦ ያረጋግጡ። ዝቃጩ እንደ ኖራ ደቂቅ ሆኖ ከቆየ ሰልፌት ነው፤ አለቀ።

አልሙኒየሙን እርስዎ ራስዎ አግኝተውታል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን አንድ አንድ ጠብታ ሲያደርጉ የሚወጣውን ልብ ብለው ይዩት። ዱቄት አይደለም። እንደ ተመታ አብሽ ያበጠ፣ የሚያንሸራትት ነገር ነው። ዚንክም እንዲሁ ወጥቶ ይጠፋል፤ ዚንክ ግን በብዙ አሞኒያም ይጠፋል። የእርስዎ አልጠፋም። ሊድ ደግሞ ከሰልፌት ጋር ሆኖ ውሃ ውስጥ እንዲህ አይሟሟም።

የቀረው የአሞኒየም አሉም ጉዳይ ነው። ጨዉን ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር በቀስታ ያሙቁ። የረጠበ ቀይ ሊትመስ ቱቦው አፍ ላይ፣ ብርጭቆውን ሳይነካ ይያዙ። ሰማያዊ ከሆነ አሞኒየም አለ። መነጽር ያድርጉ፤ የቱቦውን አፍ ወደ ማንም አያዙሩ። የጋለ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ድንገት ይፈነጠራል፣ ዓይን ያጠፋል። አፍንጫዎንም አያስጠጉ፤ ሊትመሱ ይበቃል። ፖታሲየምም አሞኒየምም ከሌለ ተራው አልሙኒየም ሰልፌት ነው።

ሌላም ነገር አስግቶኛል። የኬሚካል ጠርሙሶቹን ካለፈው ሰው ነው የተረከቡት ብለዋል። አንዱን ጠብታ መጣያ ለሁሉም ሲያዞር የኖረ፣ የተረፈውን መልሶ ጠርሙስ ውስጥ የሚገለብጥ ሰው ብዙ አይቻለሁ። በዚያ የሚገኝ ውጤት ሁሉ ውሸት ነው። ውሃው በሲልቨር ናይትሬት ብቻ ሳይነጣ፣ አሲድ የተጨመረበት ቱቦ ከነጣ፣ ጥፋቱ የአሲዱ ነውና አዲስ ያዘጋጁ።

ሲጨርሱ ስሙን በእርሳስ ይጻፉበት። የጅማ ክረምት እርጥበት የእስክሪብቶ ጽሑፍ ያበላሻል፣ ፕላስተርም ያረግፋል። ላዩን ሻማ አቅልጠው ይቀቡት። የፈተሹበትን ቀን ይጨምሩ። ከሥሩም በትልቁ «አይቀመስም» ብለው ይጻፉ።