ልምምድ ላይ ዓሣ፣ ውድድር ላይ ድንጋይ

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? የካዛንቺስ ልጅ ነኝ፣ 17 ዓመቴ ነው። በሳምንት አራት ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ስታዲየም አካባቢ ያለ ገንዳ እዋኛለሁ። 100 ሜትር ፍሪስታይል ልምምድ ላይ በ1 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ እጨርሳለሁ። ውድድር ላይ ግን ገና መነሻው ላይ ስቆም ጉልበቴ ይከዳኛል። የመጀመሪያውን 50 እንደ እብድ እሄደዋለሁ፣ ስመለስ ክንዴ አልነሳም ይለኛል። ባለፈው በ1 ደቂቃ ከ14 ገባሁ። ጓደኞቼ «ወኔ የለህም» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወኔ የሌለው ሰው በአዲስ አበባ ብርድ በዚያ ሰዓት ውሃ ውስጥ አይገባም፣ ጓደኞችህን ተዋቸው።

ልምምድህን ልገምት? ትገባለህ፣ 40 ጊዜ ወዲያ ወዲህ ትመላለሳለህ፣ ግድግዳውን ይዘህ ታወራለህ፣ ትወጣለህ። መነሻው ላይ ቆመህ ፊሽካ የምትሰማው ውድድር ቀን ብቻ ነው። ታዲያ ሰውነትህ ምን ያድርግ፣ መች አሳየኸውና!

ስለዚህ በየልምምዱ አንድ ውድድር አስገባ። አንድ ብቻ። ካሟሟቅክ በኋላ ውጣና ፎጣ ለብሰህ አሥር ደቂቃ ተቀመጥ። ትንሽ ይብረድህ፣ ውድድር ላይም እንደዚያው ነው። ከዚያ ጓደኛህ ፊሽካ ይንፋ፣ ዝለል። የመጀመሪያውን 50 በ33 ሰከንድ፣ መልሱን በ35 ለመግባት ሞክር። ባለፈው የመጀመሪያውን በ30 ሄደህ ከሆነ አልገረምም። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ኦክስጅኑ ሳሳ ያለ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ያበዛኸው ሁሉ መመለሻው ላይ ይከፈላል። በነገራችን ላይ በዚሁ ምክንያት ከኢንተርኔት ያገኘኸውን የፈረንጅ ፕሮግራም እንዳለ አትውሰድ፣ በፍጥነት ዙሮች መካከል እረፍቱን አስረዝም።

ጭንቅላትህን ደግሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ አሠልጥነው። የስልክህን ሰዓት ቆጣሪ አስነሳና 100 ሜትሩን ከፊሽካው እስከ ግድግዳው በሐሳብህ ዋኘው። በ40 ሰከንድ ከጨረስክ ዘለሃል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ደግሞ ያ የምትፈራው መመለሻ ነው። ከዚያ ችግር ጨምርበት፦ መነጽርህ ውሃ ገባው፣ ጎረቤትህ ቀደመህ፣ ግድግዳው አዳለጠህ፣ ምን ታደርጋለህ? አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ በ2008 ቤጂንግ ኦሎምፒክ 200 ሜትር በቢራቢሮ ስልት ሲዋኝ መነጽሩ በውሃ ሞልቶ ምንም አይታየውም ነበር። የክንዱን ምት እየቆጠረ ግድግዳውን አገኘው፣ በ1፡52.03 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። መከራውን አስቀድሞ በሐሳቡ ስለተለማመደው ነው። አንተስ 50 ሜትር በስንት ምት እንደምትገባ ታውቃለህ? ነገውኑ ቁጠር።

ጎን ያለውን ማየትም ይቅርብህ። ቱኒዚያዊው አሕመድ ሐፍናዊ በ18 ዓመቱ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ለ400 ሜትር ፍሪስታይል ፍጻሜ በስምንተኛነት፣ ማለትም ከሁሉም መጨረሻ ነው ያለፈው፣ ከዳር በስምንተኛው መስመር ዋኝቶ ወርቁን ወሰደ።

አንድ ነገር ግን አደራ። «ለወኔ» ብለህ ብቻህን ውሃ ስር ትንፋሽ ይዘህ እንዳትቆይ። ሰው እዚያው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል።

ለአንድ ወር ሁለቱን 50ዎች ለየብቻ ደብተር ላይ መዝግብና ላክልኝ። ጠቅላላውን ሰዓት አልፈልገውም።