መሄጃው 17 ሰዓት፣ መመለሻው 13፤ ምን ጉድ ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ልጠይቃት ትኬት ተቆርጦልኛል። ከቦሌ ዋሽንግተን 17 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ስትመለሺ ግን 13 ሰዓት ይበቃል አሉኝ። መንገዱ ያው አይደል እንዴ? የእህቴ ልጅ «መሬት ስለምትዞር ነው» ይለኛል። ትኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት ስቀንስ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ቁጥር ይመጣብኛል።
(እናት፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እናታችን፣ መንገዱማ ያው ነው። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ትልቅ አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሚበር፣ ሲካፈል ወደ 13 ሰዓት ይመጣል። ስለዚህ የመመለሻው ልክ ነው፤ ጉዱ ያለው መሄጃው ላይ ነው።

ዋናው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። ኤርፖርቱ ያለው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉን የሚያነሳው አየር ነው፣ ሞተሩም ጉልበት የሚያገኘው ከአየር ነው፤ እና ሰው ሞልቶ፣ ሻንጣ ሞልቶ (በርበሬውና ሽሮው ሳይረሳ!) እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። ሰው አይቀነስ ነገር፣ ነዳጁ ይቀነሳል። መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል፤ ባለፉት ዓመታት ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ ለዚህ አገልግለዋል። ወርዶ፣ ቀድቶ፣ እንደገና እስኪነሳ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳን አይሞላም፣ ስለዚህ ሲመለስ ታንኩን ሞልቶ በአንድ ትንፋሽ ቦሌ ይገባል።

የቀረው ልዩነት የነፋስ ነው። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ በሰሜን አትላንቲክ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ በአሜሪካኖቹ ክረምት (በብርዱ ወራት ማለት ነው) አንዳንዴ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥምዎታል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋዎታል።

ለእህትዎ ልጅ እንዲህ ይበሉት፦ መሬት የምትዞረው ወደ ምሥራቅ ነው። አውሮፕላኑ አየር ላይ ቆሞ መሬት ከሥሩ የምትሮጥ ቢሆን ኖሮ፣ አጭሩ ወደ አሜሪካ መሄጃው ይሆን ነበር። አየሩም አውሮፕላኑም ግን አብረዋት ነው የሚዞሩት።

አሁን ትኬቱ። እዚያ ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ነው፣ የመነሻው በመነሻው፣ የመድረሻው በመድረሻው። ለምሳሌ ከዋሽንግተን ረቡዕ 11:00 ተነስቶ አዲስ አበባ ሐሙስ 7:00 የሚገባ በረራ፣ እንዲያው ሲቆጠር 20 ሰዓት ይመስላል። ግን በነሱ በጋ እኛ 7 ሰዓት እንቀድማቸዋለን፤ ያንን ሲቀንሱ 13 ይቀራል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው የነሱ ክረምት ልዩነቱ 8 ይሆናል፣ እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚቀያይሩ፤ እኛ አንነካውም። ደግሞ ያ 7:00 የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ በኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። ይቺን ነገር ለሚቀበልዎት ሰው ሲደውሉ በደንብ ይንገሩ፤ «ሰባት ሰዓት» ብለው ከዘጉ ቀትር ላይ ነው የሚመጣልዎት።