ስለት የነበርኩ ልጅ ነኝ፣ ትምህርቱን አቋርጬ ባጃጅ እየነዳሁ ነው፤ የእግዚአብሔር ዓላማ አምልጦኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር እንዴት ሰነበቱ። ከምሥራቅ ጎጃም ነኝ። እናቴ ልጅ አልፀና ብሏት ወንድ ልጅ ከሰጠኸኝ ቤትህን ያገለግላል ብላ ተስላ የወለደችኝ ነኝ። በልጅነቴ ቆሎ ትምህርት ገባሁ፣ ዳዊት ደገምኩ፣ ኋላ ዋሸራ ሄጄ ቅኔ ጀመርኩ፣ ከመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና ተነስቼ ከፍ ያለው መወድስ ላይ ስደርስ አባትህ አርፏል የሚል መልክት መጣ። ታናናሾቼ ሕፃናት ስለነበሩ ተመልሼ አረስኩ፣ እህቴን አስተማርኩ አሁን ነርስ ናት፣ እኔ ግን መጨረሻዬ ደብረ ማርቆስ ገብቼ የሰው ባጃጅ መንዳት ሆነ። አብረውኝ የተማሩት መሪጌታ ሆነዋል። ዩቲዩብ ላይ አንዱ የሕይወት ታሪክህን ጻፍ፣ እያንዳንዱ ገጠመኝ ላይ እግዚአብሔር ምን ሊልህ እንደፈለገ አውጣ፣ ዓላማህን ታገኛለህ ሲል ሰምቼ ደብተር ገዝቼ ጀመርኩ፣ የአባቴ ሞት ላይ ስደርስ እጄን ያዘኝ። እንዲህ የሆንኩት ስለቱ ስለፈረሰ ነው ወይ? ሰሙን እየኖርኩት ነው፣ የሕይወቴ ወርቁስ የት ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ወንድሜ። ጥያቄህ ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፣ ዋናው ግን አልቀረም።

መጀመሪያ የሚያስፈራህን ነገር እንጨርሰው። አባትህ ያረፈው አንተ ቅኔ ቤት ጉባኤ ላይ እያለህ ነው፣ ስለቱ ያኔ መች ፈረሰና ነው ቅጣት ሚሆነው? በራስህ ታሪክ እንኳ ነገሩ አይገጥምም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን ኃጢአት ሠርቶ ነው፣ እሱ ነው ወላጆቹ ብለው ሲጠይቁት ጌታ እሱም አልሠራ ወላጆቹም አልሠሩ ነው ያላቸው (ዮሐ. 9)። በሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸውን 18 ሰዎችም አንስቶ ከሌላው ኢየሩሳሌም ከሚኖረው ሰው ይልቅ እነዚህ በደለኞች ይመስሏችኋል ወይ ብሎ ጠይቋል (ሉቃ. 13)። እኛ ሀገር ግን ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ ምን ቢያደርጉ ነው ማለት የተለመደ ነው፣ አንዳንዴም የምንናገረው እኛው አስተማሪ ነን የምንባለው ነን፣ እና አንተ ላይ ይሄ ነገር ከየት እንደተጫነ ይገባኛል።

ደብተሩ ላይ እጅህ መያዙን እኔ እንደ እምነት ማነስ አላየውም። ሰውየው ታሪክህን ጻፍ ማለቱ አይከፋም፣ የከፋው እያንዳንዱ ገጠመኝ ላይ መልስ አውጣ ማለቱ ነው። ዮሴፍን ተመልከት። የ17 ዓመት ልጅ ሆኖ ሕልሙን አየ፣ ተሸጠ፣ ፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነበር፣ ከዛ 7 የጥጋብ ዓመት አለፈ፣ ከረሃቡም 2 ዓመት ሄደ፣ ያኔ ነው ወንድሞቹን ሕይወት ለማዳን እግዚአብሔር ከፊታችሁ ሰደደኝ ያላቸው። ቁጠረው፣ 22 ዓመት አካባቢ ነው። እስር ቤት እያለ እንዲህ አላለም እኮ! እስር ቤት እያለ የጠጅ አሳላፊዎቹን አለቃ አደራ ለፈርዖን አንሳልኝ፣ ከዕብራውያን አገር ሰርቀው ነው ያመጡኝ፣ እዚህም ለእስር የሚያበቃ ያደረኩት የለም ነው ያለው (ዘፍ. 40)። ማለትም ስርቆቱን ስርቆት ብሎ ጠራው፣ አውጡኝ ብሎ ጮኸ፣ መጽሐፍም ለምን እንዲ አልክ ብሎ አልወቀሰውም። በመጨረሻም ቢሆን እናንተ ክፉ አሰባችሁብኝ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው አለ እንጂ ያደረጋችሁት ጥሩ ነበር አላለም፣ ክፋቱ ክፋት ሆኖ ነው የቀረው። ስለዚህ አባቴ የሞተው ለዚህ ነው ብለህ የግድ አንድ መስመር መጻፍ የለብህም። ባዶ ተወው። ቅኔ የቆጠርክ ሰው ስለሆንክ ይገባሃል፣ የቅኔው ቤት (ስንኙ) ሳይሞላ ማን ወርቁን ይፈታል?

ያዕቆብን ደግሞ አስበው። ዮሴፍ የለም፣ ስምዖንም የለም፣ ብንያምንም ልትወስዱብኝ ነው፣ ይህ ሁሉ በእኔ ላይ ደረሰ ብሎ ያለቀሰ ቀን (ዘፍ. 42) ዮሴፍ በሕይወት አለ፣ ልጆቹ በአህያ ጭነው ያመጡትን እህል የሸጠላቸውም እሱ ነው። ሽማግሌው ግን አያውቅም፣ ባያውቅም የእግዚአብሔር ሥራ አልቆመም።

እና ታሪኬን እንዴት ላንሳው ካልከኝ ዳዊትህ ላይ አለልህ። በግእዙ 135ኛው፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 136ኛው መዝሙር የእስራኤልን ታሪክ ይተርካል፣ በየቁጥሩ ምሕረቱ ለዘላለም ነውና እያለ 26 ጊዜ ይመልሳል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ምን መሰለህ፣ ያ 40 ዓመት የምድረ በዳ ጉዞ፣ ያ ሁሉ ውኃ ጥም፣ ያ ሁሉ ማጉረምረም፣ ያ ሁሉ ቀብር እዛ መዝሙር ውስጥ የደረሰው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ ሕዝቡን በምድረ በዳ የመራ ተብሎ አለፈ። ማብራሪያ የለውም፣ መራን፣ ምሕረቱ ለዘላለም ነው፣ በቃ። ያንተም የእርሻው ዘመን፣ ማርቆስ ገብተህ የቀን ሥራ የለመንክበት ጊዜ፣ የቤንዚን ሰልፍ ላይ ያደርክበት ሌሊት ምናልባት እንዲሁ በአንድ መስመር ያልፍ ይሆናል። ዳዊት መድገም ስለምታውቅ ማታ ባጃጁን አስረክበህ ስትገባ ይቺን መዝሙር ድገማትና ከራስህ ታሪክ አንድ አንድ ነገር እየጨመርክ ምሕረቱ ለዘላለም ነውና በል፣ የምትለው ሲጠፋህ ዝም በል።

አንድ ነገር ግን ሳላነሳው አላልፍም። ያን ሁሉ ስትጽፍ እህቴን አስተማርኩ አሁን ነርስ ናት የምትለውን በግማሽ መስመር ነው ያለፍካት፣ ወዲያው መጨረሻዬ ባጃጅ ሆነ ወደሚለው ሮጥክ። ዮሴፍ ወደ ኋላ ዞሮ ሲያይ ያየው እኮ ሹመቱን አይደለም፣ ብዙ ሰው እንዲድን ነው ያለው፣ ማን ከኔ የተነሳ እህል በላ ነው ነገሩ። አንተ ሞፈር የጨበጥክበት ዓመት ማን በላ፣ ማን ተማረ፣ አሁን እሷ ክፍል የሚገባው በሽተኛ ማንን ያገኛል? ዓላማህ ይሄ ነው ብዬ ልዘጋብህ አይደለም፣ እንደዛ ብልህ ከዩቲዩቡ ሰውዬ በምን ተሻልኩ። ግን ደብተርህ ላይ ለዚህ ሰፋ ያለ ቦታ ስጠው።

ስለ ጓደኞችህ፦ ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ ሲሸሽ አንዲት ትል ዛፍ ላይ ለመውጣት ስትወድቅ ስትነሳ አይቶ ተመለሰ፣ ይሄን ለተማሪ ሁሉ እንነግራለን፣ ደስም ይላል። ያልተመለሰ ሁሉ ጠፋ ማለት ግን አይደለም። ያሬድ ትምህርት ከብዶት ነው የሸሸው፣ አንተ የአባትህን ቀንበር ልትሸከም ነው የሄድከው፣ አንድ አይደለም። መሪጌታነት ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ክህነትም ቅኔም የሌለው ምእመን ሁሉ ዓላማ ቢስ ነው ካልን ቤተ ክርስቲያኑን የሞላው ሕዝብ ምን ሊሆን ነው!

ደግሞ ተጠንቀቅ። እንዲህ ልቡ የተጨነቀ ሰው ሲያዩ ባሕታዊ ነኝ፣ የተሰወረ ታይቶኛል፣ ስለት ፈርሶብሃል፣ ይሄን ያህል ብር ላክና ልጸልይልህ የሚሉ በቴሌግራም ሞልተዋል። ብር አትላክ።

የስለቱን ጉዳይ በተመለከተ ቀላል አላደርገውም፣ ስለት ስለት ነው፣ ከተሳልክ ለመክፈል አትዘግይ ይላል መጽሐፉ (መክ. 5)። ግን የተሳሉት እናትህ ናቸው፣ አንተም ለዓመታት ቤቱ ውስጥ ኖረሃል፣ እና ምን ቀረ ምን ተፈጸመ የሚለውን በስልክም በደብዳቤም የምፈታው እኔ አይደለሁም፣ የንስሐ አባትህ ናቸው። እሳቸው ሰንበት ሰንበት ደብሩን አገልግል ሊሉህ ይችላሉ፣ ለሕፃናት ፊደልና ዳዊት አስቆጥር ሊሉህ ይችላሉ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አንተን የመሰለ ሰው አያገኝም። ቅኔውንም ቢሆን ማርቆስ ሆነህ ጉባኤ ካለበት ደብር አልፎ አልፎ መቀመጥ ማን ከለከለህ። ወደ ንስሐ አባትህ ስትሄድ ግን ብቻህን አትሂድ፣ ስለቱ የእናትህም ስለሆነ እሳቸውን ባጃጁ ላይ ጭነህ ውሰዳቸው፣ ምን ብለው እንደተሳሉ ቃሉን ራሳቸው ይንገሯቸው።