ባዶዋን ቲዩብ አትዝለሏት

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ይሄን የምጽፍላችሁ ደሴ ሆኜ ነው፣ የጦሳ ተራራ ጉሙን እንደለበሰ በመስኮት እያየሁት። ባዮኬሚስትሪ የጀመራችሁ የወሎ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። ፕሮቲን ሴል ውስጥ ሲሠራ በዓይን አይታይ፣ ታዲያ በምን ታወቀ?

አብሽሩ፣ ደጋ ያደገ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። በጋችን ከጎረቤት መንጋ ጋር ተቀላቅሎ እንዳይጠፋብን ጀርባውን ቀለም እንቀባው የለ? እዚህም እንደዛው ነው። ፕሮቲን የሚገነባበት አሚኖ አሲድ ውስጥ ጨረር የሚሰጥ አቶም ይገባል፣ ለምሳሌ ሉሲን በሚባለው አሚኖ አሲድ ላይ ካርቦን 14፣ ሜቲዮኒን ላይ ሰልፈር 35። ሴሉ ሳይለየው እንደሌላው ወስዶ ፕሮቲን ይሠራበታል። ከዛ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ስትጨምሩበት፣ አሬራ ተሞቆ አይቡ ከአጓቱ እንደሚለየው፣ ፕሮቲኑ ተቋጥሮ ይወጣና ትርፉ አሚኖ አሲድ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ታጠላላችሁ፣ ታጥባላችሁ፣ ጨረሩን በቆጣሪ ታነባላችሁ።

ጉዱ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ወጣት ሳለሁ ሌሊቱን ስሠራ አድሬ ትልቅ ቁጥር አገኘሁ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። መምህሬ ደብተሬን አገላበጠና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ባዶዋስ?» ፕሮቲን ጨርሶ ሊሠራባት የማይችለውን ቲዩብ ማለቱ ነው። አልነበረችኝም። በማግስቱ ጨምሬ ስሠራት እሷም ያንኑ ያህል ቆጠረች። ማጣሪያ ወረቀቱን በደንብ አላጠብኩትም ነበር፣ ለካ ሌሊቱን ሙሉ የቆጠርኩት ወረቀቱ ላይ የተጣበቀውን ትርፍ አሚኖ አሲድ ኖሯል። ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል።

እ.ኤ.አ. በ1961 ሳይንቲስቶቹ ማርሻል ኒረንበርግና ሃይንሪክ ማታይ የጄኔቲክ ኮዱን፣ ማለትም የአርኤንኤ ፊደላት የትኛውን አሚኖ አሲድ እንደሚጠሩ የሚነግረውን ቋንቋ፣ የመጀመሪያ ቃል ያነበቡት በዚሁ ዘዴ ነው። ከኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ባወጡት ጭማቂ ላይ ዩራሲል የሚባለው ፊደል ብቻ የሚደጋገምበት አርኤንኤ ጨመሩ። ይህ አርኤንኤና ጨረር የሚሰጥ ፌኒልአላኒን የተባለ አሚኖ አሲድ የገባበት ቲዩብ ከ30 ሺህ በላይ ቆጠረ። አርኤንኤው ያልተጨመረበት ግን መቶ እንኳ አልሞላም። እኔን ሁሌ የምትማርከኝ ያቺ መቶ ያልሞላችው ናት፤ እሷ ባትኖር 30 ሺው ምን ይነግራቸው ነበር?

ደግሞ ጓንታችሁን አድርጉ፣ ቀኑንም ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። የሰልፈር 35 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለት ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 87 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ ሦስት ወር የቆየ ጠርሙስ ጨረሩ ከግማሽ በታች ወርዷል። ጨረር የሚሰጠውን ሃይድሮጅን፣ ትሪቲየምን፣ ደግሞ ተራው የጋይገር ጨረር ቆጣሪ አያየውም። ስለዚህ መሣሪያው ዝም አለ ብላችሁ ጠረጴዛው ንጹህ ነው እንዳትሉ፣ በወረቀት ጠርጋችሁ ወረቀቱን በፈሳሽ ሲንቲሌሽን ቆጣሪ፣ ማለት ጨረሩን ፈሳሽ ውስጥ ወደ ብርሃን ለውጦ በሚቆጥረው መሣሪያ፣ አስቆጥሩት።

ደሴ ብቅ ስትሉ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። ቡናው እስኪፈላ መጀመሪያ የማየው የባዶዋን ቁጥር ነው።