የቱን ዘመቻ ነው የጻፍሽልኝ?

«ትዳር ከያዝን 17 ዓመት ሆነን፤ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ በግሪን ካርድ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ገብቶ፣ ዜግነቱንም እዚያው አግኝቶ፣ 8 ዓመት አገልግሏል። አፍጋኒስታን ሁለት ጊዜ ዘምቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ለ12 ወር፣ በ2012 ለ9 ወር። ከጦሩ ሲወጣ ‹ከእንግዲህ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም› ብሎኝ ነበር። አሁን ለቨርጂኒያ ምክር ቤት እወዳደራለሁ ብሎ ተነሥቷል። ከሥራ ገብቶ ሳይቀመጥ በራሪ ወረቀቱን ይዞ የሰው በር ሊያንኳኳ ይወጣል። ቅዳሜ የለ፣ እሁድ የለ። ከቁጠባችንም አውጥቷል። ዩኒፎርም ለብሶ የተነሣውን ፎቶ ድሮ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ካርቶን ሥር ነበር የሚደብቀው፤ አሁን በየሰው ደጃፍ ተበትኗል። መጀመሪያ የተመለሰ ሰሞን ሌሊት እየጮኸ ይባንን ነበር። ‹ያለፈውን ተወው፣ ዋናው በሰላም መግባትህ ነው› እያልኩ አረጋጋው ነበር፤ እየቆየ ተወው። ባለፈው አንድ አዳራሽ ውስጥ ለደጋፊዎቹ ሲናገር አብሬው ሄድኩ። ስሙን ሳይጠራ፣ አጠገቡ ስለሞተ ጓደኛው አወራ። እኔ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ይህን ዘመቻ እንዲተወው እንዴት ላሳምነው?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ሦስት ገጽ ነው። እዚህ ያወጣሁት አጥሮ ነው፤ እናንተን የሚያስለይ ነገርም ቀይሬያለሁ። ደጋግሜ አነበብኩት።

መጀመሪያ ልክ ያልሽበትን ልናገር። ለዚህ ወንበር መወዳደር ቀልድ አይደለም። ፓርቲው እጩውን በሚለይበት የመጀመሪያ ምርጫ ስሙ እንዲገባ ብቻ ቢያንስ የ125 መራጮች ፊርማ መሰብሰብ አለበት። ምክር ቤቱ 100 ወንበር አለው፤ የሥራ ዘመኑ ግን 2 ዓመት ብቻ ነው። ቢያሸንፍም ብዙ ሳይቆይ እንደገና በር ማንኳኳት ይጀምራል ማለት ነው። ጃንዋሪ ላይ ምክር ቤቱ ወዳለበት ሪችመንድ ይወርዳል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጉባኤ 60 ቀን ነው። ደሞዙ ለብዙ ዓመታት 17,640 ዶላር ሆኖ የቆየ ነው፤ ቤት አያስተዳድርም። ስለዚህ «ልጆቹን ማን ያመላልስ? ከቁጠባው ስንት ይወጣል?» ማለትሽ ንዝንዝ አይደለም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ልትቀመጡበት ይገባል። እሱም ቁርጡን ሊነግርሽ ይገባዋል።

ግን ለዚህ ብቻ ቢሆን ሦስት ገጽ አትጽፊልኝም ነበር።

ደብዳቤሽ ውስጥ «ዘመቻ» የሚለው ቃል 9 ጊዜ አለ። ሁለት ሦስቱ ጋ ስደርስ የትኛው ዘመቻ እንደሆነ ጠፋኝ። «እሱ ዘመቻ ላይ ሆኖ፣ ትንሹ ልጄን ትኩሳቱ አልወርድ ሲለው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይዤው ሮጥኩ» ትያለሽ። በዚህ ወር የሆነ መስሎኝ ነበር። ታች ላይ ልጁ አሁን 14 ዓመቱ መሆኑን ሳነብ ነው የገባኝ። ለካ የ2012ቱ ነው። ባለቤትሽ የጦር ሜዳውን ዲፕሎይመንት፣ የምርጫውን ካምፔን ይለው ይሆናል። ለእሱ ሁለት ነገር ነው። ላንቺ ሁለቱም ዘመቻ ነው፤ አማርኛውም ፈቀደልሽ፣ ሰውነትሽም እንደዚያው ቆጠረው።

ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ጦሩ መርዶ የሚያረዳው በስልክ አይደለም። ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች ቤት ድረስ መጥተው ያንኳኳሉ። ይህን የማታውቅ የወታደር ሚስት ያለች አይመስለኝም። ሁለቱ ዘመቻ ሲደመር 21 ወር ነው። 21 ወር ሙሉ በሯ እንዳይንኳኳ ስትጸልይ የኖረች ሴት፣ ባሏ ማታ ማታ የሰው በር ሊያንኳኳ ሲወጣ ሆዷ ቢላወስ ምን ይገርማል?

ወደ አዳራሹ ልመለስ። «እኔ ያን ቀን ነው የሰማሁት።» አምስት ቃል ናት። ስለ ገንዘቡ ግማሽ ገጽ ጽፈሻል፤ ስለዚህ አንዲት መስመር፣ ከዚያ ወዲያው ወደ ጭብጨባው አለፍሽ። ለእኔ የደብዳቤሽ ሕመም ያለው እዚያች መስመር ላይ ነው። 17 ዓመት አብራው የኖረች ሚስት ያልሰማችውን፣ ከመንገድ የገባ ሰው ወንበር ስቦ ቁጭ ብሎ ሰማው። ቅናት ነው ብልሽ አትቆጪ። የሚያስቀና ነገር ነው።

ግን ለምን ለእነሱ? ከጦር ሜዳ የተመለሱ ሰዎችን ሳነጋግር ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። ለባዕድ መናገር ይቀላል። መድረክ ላይ የሚነገር ታሪክ የተከረከመ ነው፤ አምስት ደቂቃ ላይ ያልቃል። ሰሚው ያጨበጭብና ወደ ቤቱ ይሄዳል። ነገ ጠዋት ቁርስ ላይ ዓይን ዓይኑን አያየውም። ላንቺ ከነገረሽ ግን ነገሩ ቤት ገባ። ከልጆቹ ቦርሳ፣ ከመኪናው ቁልፍ ጋር አብሮ ይኖራል። ዝም ባለ ቁጥር «ያን እያሰበ ነው» ትያለሽ። የተከረከመውም አይበቃሽም፤ የቀረውን ትጠይቂያለሽ። የቀረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨበጨብለት አይደለም። እኔ እንደምገምተው ያልነገረሽ ስለናቀሽ አይደለም። አንቺ ፊት ቢያፍር የሚያጣው ስለሚበዛበት ነው።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ትንሽ ሊያምሽ ይችላል። ሌሊት ሲባንን «ያለፈውን ተወው» ትዪው ነበር። በክፋት አይደለም። በዚያ ሰዓት፣ ሕፃን ከጎንሽ ተኝቶ፣ ሌላ ምን ይባላል? እኔም ያንኑ የምል ይመስለኛል። እሱ ግን «ስለሱ አታውራኝ» ሆኖ ተሰምቶት ይሆናል። «እየቆየ ተወው» ብለሻል። አልተወውም እህቴ። አንቺ ፊት ማሳየቱን ነው የተወው። ፎቶውም ካርቶን ሥር የገባው ያን ሰሞን ሳይሆን አይቀርም፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ።

ያንቺንስ እሱ ያውቀዋል? ያን የድንገተኛ ክፍል ሌሊት ማለቴ ነው። «ነርሷ እግሬን ስታይ ነው ባዶ እግሬን እንደመጣሁ ያወቅኩት» ብለሽ ጽፈሻል። ቀጥለሽ፦ «እዚያ ሆኖ እንዳይጨነቅ አልነገርኩትም፤ ከመጣም በኋላ ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት። እስከ ዛሬ ለማንም አውርቼው አላውቅም።»

ለእኔ አወራሽኝ። እኔን አታውቂኝም፣ አይተሽኝም አታውቂም። አንቺም ለባዕድ ነው የነገርሽው።

እሱ አዳራሹ ውስጥ ያደረገውን አንቺ ደብዳቤሽ ላይ አደረግሽው። ክህደት ከሆነ የሁለታችሁም ነው፤ እኔ ግን ክህደት አልለውም። እሱ እንዳይከብዳት፣ አንቺ እንዳይከብደው ስትሉ 13 ዓመት አለፈ።

ስለዚህ መልሴ የጠበቅሽው አይደለም። አሁን ምርጫውን ተወው እንድትዪው አልመክርም። «ተወው»ን ካንቺ አንድ ጊዜ ሰምቶታል። ምናልባት ይተወው ይሆናል፤ እንደሚወድሽ ከደብዳቤሽ ያስታውቃል። ግን አፉን የፈታበት ብቸኛ ቦታ ያ አዳራሽ ከሆነ፣ እሱንም ወሰድሽበት ማለት ነው። ሩጫው ፈውስ ይሁን መሸሻ ከዚህ ሆኜ ልለየው አልችልም። የሰማሁትም ያንቺን ወገን ብቻ ነው።

ልትሞክሪው የምትችዪው ትንሽ ነገር ነው። የገንዘቡንና የሰዓቱን ጉዳይ ለብቻው ተነጋገሩበት፤ ከዚህ ጋር አታደባልቂው። ሌላ ቀን፣ ደክሞት በገባበት ማታ ሳይሆን፣ መኪና ውስጥ ቢሆን ይሻላል (ፊት ለፊት አለመተያየት አንዳንዴ ይጠቅማል)፣ «ለምን አልነገርከኝም?» ሳትዪ «የዚያ ጓደኛህ ስም ማን ነበር?» በይው። ዝም ካለ አትጫኚው። ያንቺን ንገሪው፤ ባዶ እግርሽን የሮጥሽበትን።

ከተቻለ ሁለታችሁም ባለሙያ ፊት ብትቀመጡ ደስ ይለኛል። ጦር ቀጠና ላገለገሉ ሰዎች ቬት ሴንተር የሚባሉ የምክር ማዕከላት አሉ። ክፍያ የላቸውም፤ ከአገልግሎቱ ጋር ለተያያዘ ችግር ቤተሰብንም ያስተናግዳሉ። «እጩ ሆኜ ሰው ቢያየኝስ» ብሎ ያንገራግር ይሆናል፤ አንቺ ቀድመሽ ደውለሽ መጠየቅ ትችያለሽ። የሌሊቱ ጩኸት ከተመለሰ ወይም መኖር አስጠላኝ የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ግን ምርጫው እስኪያልፍ አትጠብቂ። ለጦር ተመላሾች የአደጋ ጊዜ እርዳታ 988 ደውሎ 1ን መጫን ነው፤ ሌሊትም ይሠራል።

አንድ ጊዜ ጠይቀሽው ላይነግርሽ ይችላል። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ላይሆን ይችላል፤ ምርጫው ያለበት ኖቬምበር አልፎም ዝምታው ይቀጥል ይሆናል። የጓደኛውን ስም የነገረሽ ቀን ጻፊልኝ። ስሙን ግን ለእኔ አትንገሪኝ።