የሙያ ምክር፦ ኢንተርቪው ላይ የጣለሽ የዴልታ ጂ ጥያቄ

ጠያቂያችን የ4ኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ናት። ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ሪአክሽንን የሚያፋጥን ነገር) ላይ የሚሠራ አንድ ድርጅት ለጀማሪ ተመራማሪነት ኢንተርቪው ጠራት። እዚያም ስለ ዴልታ ጂ፣ ማለትም በሪአክሽን መነሻና መድረሻ መካከል ስላለው የፍሪ ኢነርጂ (ለሥራ ሊውል የሚችል ኃይል) ልዩነት፣ አንሥተው «የአንዱ ሪአክሽን ዴልታ ጂ ኔጌቲቭ 200 ኪሎጁል በሞል ነው፤ የሌላው ኔጌቲቭ 20። የትኛው ይፈጥናል?» አሏት። «ባለ 200ው» ብላ መለሰች። ሥራውን አላገኘችም። አሁን ሦስት ነገር ትጠይቃለች። ስህተቴ የቱ ጋ ነው? ፊዚካል ኬሚስትሪን ትቼ ወደ ሌላ ዘርፍ ልዙር? ለመሆኑ ይህን እውቀት የሚፈልግ ሥራ የት አለ?

ውድ እህቴ፣

ከሁለተኛው ልጀምር። አትዙሪ። ቢያንስ በዚህ ምክንያት አትዙሪ። ጠያቂዎች ያንን ጥያቄ የሚወዱት ብዙ ተማሪ ስለሚስተው ነው። ሥራ ፈላጊዎችን ለኢንተርቪው ሳዘጋጅ በተደጋጋሚ የምሰማው መልስም ያንቺው ነው።

ትክክለኛው መልስ «ከተሰጠኝ መረጃ ብቻ መናገር አይቻልም» ነበር። እንዲህ ብሎ መመለስ ድፍረት እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ተማሪ ሆነን «አይቻልም» የሚል ምርጫ ፈተና ላይ ብዙም አይመጣብንም።

ሁለት መንደሮችን አስቢ፤ አንዱ ከፍታ ላይ፣ ሌላው ቆላ ላይ። የከፍታ ልዩነታቸውን ብነግርሽ በመካከላቸው ያለው ተራራ ምን ያህል እንደሚረዝም ታውቂያለሽ? አታውቂም። ዴልታ ጂ የመነሻና የመድረሻ ልዩነት ነው። ፍጥነትን የሚወስነው ደግሞ መሃል ላይ ያለው ጉብታ፣ ማለትም አክቲቬሽን ባሪየሩ ነው።

ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ውሃ ሲሆኑ ዴልታ ጂው በአንድ ሞል ውሃ ኔጌቲቭ 237 ኪሎጁል ነው። ከዚህ በላይ ምን ያባብላል? ግን ሁለቱን ጋዞች በክፍል ሙቀት ብትቀላቅያቸው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ብልጭታ ሲያገኙ ነው የሚፈነዱት። በሌላ በኩል አሲድና ቤዝ በውሃ ውስጥ ሲገናኙ ከዚያ በጣም ባነሰ የፍሪ ኢነርጂ ለውጥ በቅጽበት ይጨርሳሉ።

ጉብታውን ከፍጥነት ጋር የሚያገናኘው ቀመር እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የአይሪንግ እኩልዮሽ ነው። በዚያው ዓመት ኤቫንስና ፖላኒም ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርበዋል። ከነሱ በፊት አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 ፍጥነትን ከሙቀት መጠን ጋር አያይዞት ነበር። አይሪንግ የጨመረው ትልቅ ነገር ጉብታውን ራሱን እንደ ፍሪ ኢነርጂ ማየት ነው። ስለዚህ የጉብታው ቁመት ኤንታልፒ (የሙቀት ድርሻው) ብቻ ሳይሆን ኤንትሮፒም (የሥርዓትና የመበታተን ድርሻው) አለበት።

ቀመሩን ከመሸምደድ ይልቅ ጥቂት ቁጥሮች በቃል ብትይዢ ይሻልሻል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጉብታው በ5.7 ኪሎጁል በሞል ዝቅ ባለ ቁጥር ፍጥነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል። አንድ ሞለኪውል ብቻውን የሚለወጥበት ሪአክሽን ጉብታው 80 ኪሎጁል ከሆነ፣ ግማሹ በ12 ሰከንድ አካባቢ ያልቃል። 100 ከሆነ 10 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 120 ከሆነስ? 4 ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ከሰከንድ ወደ ዓመታት የወሰደን 40 ኪሎጁል ብቻ ነው! እነዚህን ሦስት ቁጥሮች የያዘ ሰው ኢንተርቪው ላይ ወረቀት ሳያነሳ መገመት ይችላል። ጠያቂዎች ደግሞ ይህን ዓይነት ግምት ይወዳሉ።

ታዲያ ዴልታ ጂ ከፍጥነት ጋር ጭራሽ አይገናኝም ማለት ነው? አይደለም። አንድ የማያወላዳ ግንኙነት አለ። ለአንድ እርምጃ፣ ወደፊት ለመሄድ ካለው ጉብታ ላይ ወደኋላ ለመመለስ ያለውን ስትቀንሺ የምታገኚው ዴልታ ጂን ነው። ያም ማለት የሁለቱ ፍጥነት ኮንስታንቶች ሬሾ ኢኩሊብሪየም ኮንስታንቱን፣ ማለትም ሪአክሽኑ ሲረጋ የውጤቱንና የመነሻውን ድርሻ የሚነግረውን ቁጥር፣ ይሰጥሻል። ልዩነታቸውን ታውቂያለሽ፣ የእያንዳንዳቸውን ቁመት ግን አታውቂም። ካታሊስት ኢኩሊብሪየምን የማይነካውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጉብታውን ከሁለቱም ወገን እኩል ዝቅ ያደርገዋል። ይህችን ነጥብ አጥብቀሽ ያዢ፣ ቀጣዩ የኢንተርቪው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት።

ነገሩ ይበልጥ የሚጣፍጠው ግን እዚህ ጋ ነው። ጠያቂው «ሁለቱ ሪአክሽኖች የአንድ ቤተሰብ ቢሆኑስ?» ቢልሽ ኖሮ መልስሽ ግማሽ በግማሽ ልክ ይሆን ነበር። ተመሳሳይ ቦንድ የሚሰበርባቸው፣ በተመሳሳይ መንገድ የሚሄዱ፣ ጎናቸው ላይ ያለው ቡድን ብቻ የሚለያይ ሪአክሽኖችን ውሰጂ። በነዚህ መካከል ይበልጥ ኃይል የሚለቀው ብዙ ጊዜ ጉብታው ዝቅ ያለ ነው። ግንኙነቱ ቀጥታ መስመር ይመስላል፤ የመስመሩ ስሎፕም (ዘንበል ማለቱም) አብዛኛውን ጊዜ በ0 እና በ1 መካከል ይወድቃል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከቤል፣ ከኤቫንስና ከፖላኒ ሥራ የመጣ መርህ ነው። ሃሞንድ እ.ኤ.አ. በ1955 ያቀረበው ሐሳብም ከዚህ ጋር ይሄዳል፦ ብዙ ኃይል የሚለቅ እርምጃ ትራንዚሽን ስቴቱ (የጉብታው ጫፍ ላይ ያለው ቅርጽ) መነሻዎቹን ይመስላል።

እንደገና ጥንቃቄ። ሩዶልፍ ማርከስ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ባወጣቸው ሥራዎች ለኤሌክትሮን ዝውውር ጉብታውን ከዴልታ ጂ ጋር የሚያገናኝ ቀመር ሰጠ። በዚያ ቀመር መሠረት ዴልታ ጂ ከአንድ ገደብ አልፎ ኔጌቲቭ ሲሆን ሪአክሽኑ መፍጠኑ ቀርቶ ይዘገያል። ብዙዎች ለማመን ተቸገሩ። አሳማኝ የሙከራ ማስረጃ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ማርከስም እ.ኤ.አ. በ1992 የኖቤል ሽልማት ወሰደ። እንግዲህ «ባለ 200ው ይፈጥናል» ማለት አንዳንዴ ከነአካቴው ተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሥራው የት ነው ላልሽው፣ መጀመሪያ የማነሳው ያው ያልተሳካልሽን ዘርፍ ነው። ካታሊስት የሚሠሩ ቡድኖች ጉብታን ከዴልታ ጂ ጋር የሚያገናኙትን እነዚያን ቀጥታ መስመሮች በየዕለቱ ይጠቀማሉ። በሺዎች የሚቆጠሩ ውህዶችን አንድ በአንድ መሞከር አይቻልም። ስለዚህ ሞለኪውሉ ከካታሊስቱ ገጽ ጋር የሚጣበቅበትን ኃይል ያሰሉና ጉብታውን ከመስመሩ ይገምታሉ። በጣም ከላላ ሪአክሽኑ አይጀምርም፣ በጣም ከጠበቀ ውጤቱ ገጹን አይለቅም። የሚፈልጉት መሃሉን ነው። እዚህ በኮምፒውተር ስሌት የሚሠራ ሰው ቦታ አለው፤ ግን ስህተቱን የሚያውቅ ሰው። የ4 ኪሎጁል ስህተት በክፍል ሙቀት ፍጥነቱን 5 እጥፍ ያዛባል። ይህን ሳይጠቅስ ውጤት የሚያቀርብ ጀማሪ ቶሎ ይታወቅበታል።

ሁለተኛው የመድኃኒት ስቴቢሊቲ፣ ማለትም መድኃኒት ሳይበላሽ የሚቆይበት ጊዜ ጥናት፣ ነው። መድኃኒቱን በ40 ዲግሪና በ75 በመቶ እርጥበት ለ6 ወር አቆይቶ መበላሸቱን መለካት የተለመደ አሠራር ነው። ከዚያ ወደ መደርደሪያ ሙቀት መገመት አክቲቬሽን ኢነርጂን ማወቅ ይጠይቃል። «በየ10 ዲግሪው ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል» የሚባለው ነገር በክፍል ሙቀት አካባቢ የሚሠራው ጉብታው 53 ኪሎጁል ገደማ ሲሆን ነው። 100 ከሆነ ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። ይህን የማያውቅ ሰው የመድኃኒቱን ዕድሜ በጣም ተሳስቶ ይገምታል።

ባትሪና የፋብሪካ ደህንነትም አሉ። በተለይ ደህንነቱን አትናቂው፤ ብዙ ሙቀት የሚለቅ ሪአክሽን መቼ ከቁጥጥር እንደሚወጣ የሚተነብይ ሰው በቀላሉ አይገኝም።

ከመመረቅሽ በፊት አንድ ነገር ሥሪ። የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን መበስበስ ውሰጂ። ፍሪ ኢነርጂው በደንብ ኔጌቲቭ ሆኖ ሳለ ፈሳሹ ጠርሙስ ውስጥ ወራት ይቆያል። አዮዳይድ ሲጨመርበት ግን ጋዝ መልቀቅ ይጀምራል። ከአስተማሪሽ ጋር ተነጋግረሽ፣ በላብ ደንቡ መሠረት፣ ቀጠን ባለ ፈሳሽ ሥሪው። በአራት ወይም አምስት የሙቀት መጠኖች የጋዙን መጠን ለኪ፣ የአይሪንግ ግራፍ (ፍጥነትን ከሙቀት መጠን ጋር የሚያሳይ ቀጥታ መስመር) ሥሪ፣ ኤንታልፒውንና ኤንትሮፒውን ለይተሽ አውጪ፣ የስህተት መጠኑንም አብረሽ ጻፊ። ስሌቱን በፓይተን ሥሪው። ሲቪሽ ላይ «ፊዚካል ኬሚስትሪ አውቃለሁ» ከሚል መስመር ይልቅ ያገኘሽውን ቁጥር ከነስህተቱ አስፍሪ። ጠያቂዎቹ ከዚያ ተነስተው ይጠይቁሻል፤ በራስሽ ሜዳ ትጫወቻለሽ።

ለዚያ ድርጅትስ እንደገና ላመልክት ወይ ካልሽ፣ አዎ፤ ግን ይህን ሥራ ጨርሰሽ፣ ውጤቱን ከማመልከቻሽ ጋር አያይዘሽ።